በክር የተለካ እግር

ሻርጃ፣ ሰናዒያ አሥር፤ ከሥር የጎማ ቤት፣
ከላይ እኔ፣ ሁለት ስክሪን፣ አንድ የሐምሌ ሌሊት።
እርጥበቱ በመስኮቱ ላብ ሆኖ ይወርዳል፣
ኤሲው እንደ ደከመ ሰው እያሳለ ይሄዳል።

ጠረጴዛው ላይ ሳጥን አለ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣
ነገ ሎንች ሆድ ገብቶ የባሕር ጨው የሚያላምጥ፤
የዓሣው በረዶ ስንት እንደሆነ ለናኹዳው ሊናገር
ኔትወርክ ከሞተበት ስፍራ፣ ከጠረፉ ባሻገር።
ሰርቨር ነው። ሳላፍር ሰርቨር እለዋለሁ፣
ጠቅላላ ማደሪያው አሥራ ስድስት ሜጋባይት ቢሆንም።
የልጄ የሚልኪያስ አንድ ፎቶ
ከነሳቁ አራት ይወስዳል።

የኔ ማሽን ሆደ ሰፊ፣ ብዙ በልቶ ብዙ ያውቃል፤
የሳጥኑ ልብ ግን ሌላ ነው፣ ሌላ ቋንቋ ይጠብቃል።
እዚህ ተቀምጬ ለዚያኛው አፍ አጠናቅራለሁ፣
ለማልቀምሰው ወጥ ጨው እጥላለሁ፣
ለማላድርበት ቤት ጣራ እለካለሁ።

ይህን ሙያ ማን አስተማረህ ብትሉኝ፣ ክር ነው።
ትርሲት ከመርሳ የላከችው ቀይ ክር፣
ከልጁ ተረከዝ ተነሥቶ አውራ ጣት ላይ ተቋጥሮ፣
በሰው እጅ፣ በፖስታ ታጥፎ፣ ሁለት ወር ከሻንጣ ሻንጣ ዞሮ።
ሮላ ገበያ፣ ኩኒ ሱቅ፣ ከጫማው ሶል ላይ ዘረጋሁት።
«እግሩ የታለ?» አለኝ ኩኒ።
«ሌላ አገር» አልኩት።

መጀመሪያ የጫንኩት ገና ሲነሣ ወደቀ።
«የጠራኸው ቅጂ እዚህ የለም» ብሎኝ ደረቀ።
ላይብረሪው አርጅቷል፤ እኔ ባዲሱ ልክ ሰፋሁ፣ እሱ ባሮጌው ይኖራል፤
ጫማው ደግሞ ግልባጩ ነው፦
ክሩ መንገድ ላይ ሳለ እግሩ አድጎ ቀድሞት ይሆናል።

እንግዲያ ስንቁን ይዞ ይሂድ፣ ከማንም ደጅ አይለምን አልኩና
ሁሉን አሸከምኩት። ሃያ ሁለት ሜጋ!
ስንቁ ከቤቱ በለጠ። አወረድኩት እንደገና።

ትንሿን ላይብረሪ ፈልጌ አመጣሁ። ገባ፣ በጭንቅ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙቀቱን ጠየቅሁት፤
አራት ዲግሪ የነበረው ሺህ ሃያ አራት መጣልኝ።
በዚህ ሒሳብ ዓሣው ከሰል ሆኗል።
ለካ ባይቱን የምናነበው ከየጫፋችን ነው፣
እኔ ከግራ፣ እንደ ፊደሌ፤
እሱ ከቀኝ፣ እንደዚህ አገር ጽሕፈት።
አንዲት መሥመር ገለበጥኩ። አራት አለ።

የቀረው ስም መግፈፍ ነው። ለየተግባሩ ያወጣሁት ስም ነበረ፣
«በረዶ ለኪ»፣ «በር ጠባቂ»፣ «ናኹዳን ቀስቅስ»፤
ማሽን ስም አያስፈልገውም፣ አድራሻ ይበቃዋል።
ገፈፍኩት። ሲሶው ቀለለ።
እኔንም ወልደሰንበትን፣ የመታወቂያው መስኮት ላይ
«ወሊድ» ብለው ቆርጠውኛል፤
ስድስት ዓመት እሠራለሁ፣ ምንም አልጎደለብኝም።
ብቻ የወደቅሁ ቀን
የት ጋ እንደተሰበርኩ ማን አንብቦ ያውቃል?

ንጋት ላይ ኾሩ ዳር፣ ናኹዳ ጁምዓ ሳጥኑን
በሁለት ቡሎን ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ላይ አሠረው።
አረንጓዴ መብራት። ስልኩን አየ። አራት።
«ሻጢር» አለኝ፣ ሞተሩን አስነሣ፣
እኔ ገመዱን ፈትቼ ወረወርኩለት።

ከሰዓት በኋላ ከመርሳ ፎቶ መጣ። ጫማው ጠቦታል፤
ሚልኪያስ ተረከዙን ረግጦ እንደ ሸበጥ ይጎትተዋል፣
ግን አቧራው እንደሚያሳብቀው፣ ይሮጥበታል።

ጻፍኩላት፦ ሌላ ክር ላኪ።
ስትለኪ ግን ሁለት ጣት ጨምሪበት፣
ለመንገዱ።